የአባት ምርቃት በባሕር ላይ

ፍራንክፈርት ከተማ ዳር፣ ሽቫንሃይም ካለው የሰይፈ ገብርኤል ቤት ሳይመረቅ የሚወጣ ሰው አልነበረም። ኑኃሚን ሕፃን ሳለች፣ የክፍሏ ልጆች ለአንድ ቀን እንስሳት ሊያዩ ሲሄዱ እንኳ፣ አባቷ በር ላይ አቁሞ አንገቷን ያስደፋትና «እንቅፋት አይምታሽ፣ ከክፉ ይሰውርሽ፣ በሰላም ወጥተሽ በሰላም ግቢ» ይላታል። እናቷ አፀደ ከኋላ ሆና «አሜን! አሜን!» ትላለች። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ የከተማውን ትራም ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ ነው፤ በምርቃቱ ምክንያት ግን ስንቱን ትራም እንዳስመለጣት እሱም አይቆጥረውም። ልጅቷ አደግ ስትል በጀርመንኛ ትነጫነጭ ጀመር። ቢሆንም አንገቷን ሳትደፋ ወጥታ አታውቅም።

እንግዲህ በፈረንጆች 2012፣ በአውሮፓ በጋ፣ ከዩኒቨርሲቲዋ ልጆች ጋር ለትምህርት በመርከብ ወደ ሰሜን አትላንቲክ ልትሄድ ሻንጣዋን ይዛ በር ላይ ቆመች። እንደ ልማዷ አንገቷን ደፋች። አባቷ ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ፣ «በይ ደኅና ሁኚ፤ ባቡሩ እንዳያመልጥሽ» አላት። ለትራም ተጨንቆ የማያውቅ ሰው ለባቡር ተጨነቀ! የእናቷ አሜን አፏ ውስጥ ቀረ። ኑኃሚን የደፋችውን አንገት ቀና አድርጋ ወጣች።

ምክንያቱን ያወቀችው መሰላት። ባሕር አጠናለሁ ያለች ዕለት «የሰው ልጅ ሐኪም ይሆናል፣ የኔ ልጅ የባሕር ጨው ልትለካ!» ብሎ ስቆባት ነበር። ለካ የምሩን ኖሯል፣ ቅር ብሎታል አለች በሆዷ። መርከቡ እስከሚነሳበት እስከ ብሬመርሃፈን ወደብ ድረስ እንደከፋት በባቡር ሄደች።

መርከብ ላይ ግን ለኩርፊያ ጊዜ የለም። ገና ጎሕ ሳይቀድ ተረኛውን ይቀሰቅሱታል። ኑኃሚን የምትተኛው ከዮሐና ጋር ነው፤ ዮሐና የፍራንክፈርት ጎረቤትና የኳስ ባላንጣ የሆነችው የኦፈንባኽ ልጅ ስለሆነች ሁለቱ በእግር ኳስ ሳይነካኩ የሚውሉበት ቀን አልነበረም። ወፍራም ጃኬታቸውን ደርበው ይወጣሉ፤ ረጃጅም ጠርሙሶች ዙሪያውን የታሰሩበት ትልቅ ክብ ብረት በገመድ ወደ ጥልቁ ሲወርድ፣ በኋላም ሲወጣ ይጠብቃሉ። ከዚያ ጥልቅ የመጣው ውሃ በበጋም ቢሆን ጣት ያደነዝዛል። ያንን ውሃ ወደ ትንንሽ ጠርሙሶች ቀድተው፣ ቁጥር ጽፈውበት፣ ጨውነቱን ይለካሉ። ከቁርስ በኋላ ትምህርት፤ ከትምህርት በኋላ እንደየተራው ድንች መላጥና መጸዳጃ ቤት ማጠብ፤ ከሰዓት ደግሞ በደቃቅ መረብ በዓይን የማይታይ ፍጥረት ማጥመድ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁሉም ሲያስመልሰው ነው የከረመው። ኑኃሚን እናቷ ሻንጣዋ ውስጥ የወሸቀችላትን በሶ በስኳር ጨብጣ ለዮሐና ብታቀምሳት ሆዷ ረጋላት፤ በማግስቱ የሚያስተምራቸው ፕሮፌሰር ራሱ «ያ ቡናማ ነገር ተርፏል?» እያለ መጣ።

አንድ ነገር ብቻ አልለቅ አላት። የመርከብ በር ደፍ፣ ማዕበል ሲመጣ ውሃ እንዳይገባ ተብሎ፣ ከፍ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ሌሎቹ በሁለት ቀን ለመዱት። ኑኃሚን ግን በወጣች በገባች ቁጥር እግሯን ይመታታል፤ ቅልጥሟ በልዞ አለቀ። «ይኸው፣ ያልተመረቀ እግር» ትላለች እያነከሰች። እየቀለደች ትበለው እንጂ የምሯን ነበር።

እሑድ እሑድ ተማሪዎቹ በመርከቡ የሳተላይት ስልክ ተሰልፈው ወደየቤታቸው ይደውላሉ። በመጀመሪያው እሑድ ያነሳችው እናቷ ናት። አባቷ ጫካ ሊናፈስ ወጥቷል አለቻት፣ ቀድማ ግን ፍራንክፈርት ዶፍ እየወረደ ነው ብላት ነበር። በሁለተኛው እሑድም ጫካ ነው። ኑኃሚን «ደግሞ ጫካ?» ስትል የእናቷ ድምፅ ዝቅ አለ።

«የተቆጣሽ መሰለሽ እንዴ፣ እናቴ? አልተቆጣም። እሱ ለትምህርት ወደዚህ ሲመጣ አባቱ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሄደው መርቀው ነው የሸኙት። ‹ተምረህ ተመለስልኝ› ነበር ያሉት። ከዚያ ያ የደርግ ዘመን መጣ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ መመለስም ቀረ። አባቱም ዓይኑን ሳያዩ አረፉ። አንቺ ለትምህርት ብለሽ ሻንጣሽን ይዘሽ በሩ ላይ ስትቆሚ ያ ቀን መጣበት። ‹ለኔ ያልሠራውን ምርቃት ለልጄ እንዴት ልስጣት› አለኝ።»

ኑኃሚን በራሷ አፈረች። ሁለት ሳምንት ሙሉ በባዶ ስታማው ከርማለች!

«እማዬ፣ አቅርቢልኝ።»

«ጫካ ነው አልኩሽ እኮ።»

«እማዬ!»

«እሺ፣ አጠገቤ ነው። እንካ፣ ያዝ።»

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ተሰማት።

«አባዬ፣ በየቀኑ እንቅፋት እየመታኝ ነው።»

«ባሕር ላይ ደግሞ ምን እንቅፋት አለ?»

«የበሩ ደፍ። እግሬ አለቀልኝ። መርቀኝ።» ከዚያ በጀርመንኛ ጨመረችበት፦ «እኔ እኮ የምመለሰው ሽቫንሃይም ነው። ማንም መንገድ አይዘጋብኝም፣ ፓፓ።»

አባቷ ከመቀመጫው ተነሳ፤ ኮፍያውንም እንዳወለቀ ኋላ እናቷ ነገረቻት። «የሄድሽበት ይቅናሽ…» ብሎ ጠበቀ። ጸጥ። የመርከብ ስልክ ድምፁ ሰማይ ደርሶ እስኪመለስ ይዘገያል፤ እሱ ግን ይህን አያውቅም።

«አሜን አይባልም እንዴ? ባሕር ስትለኪ ረሳሽው?»

አሜኗ በቁጣው ላይ ተደረበ፤ ሁለቱም ባንድ ላይ ተናገሩ፣ ሁለቱም ባንድ ላይ ዝም አሉ። ከኋላዋ ተራ ይጠብቁ የነበሩት ልጆች አማርኛ ባይሰሙም አሜንን አላጧትም። ዮሐና «አሜን!» ስትል ሰልፉ በሙሉ ተቀበላት፣ ድንች ሊያስልጥ የመጣው ወጥ ሠሪም ጭምር።

«ስንት ሰው ነው እዚያ ያለው?» አለ አባቷ፣ ድምፁ እየሞቀ። ከዚያ ማን ይቻለው! መርከቡን መረቀ፣ ካፒቴኑን መረቀ፣ የየልጁን እናት መረቀ። የነሱ አሜን እየዘገየ ይደርስለታል፣ እሱም አሁን መጠበቅ ለመደ። በመጨረሻ ድምፁ ተሰበረ።

«ተምረሽ… ተመለሽልኝ፣ ልጄ። ተመለሽልኝ።»

ኑኃሚን እያለቀሰች አሜን አለች።

በነሐሴ መጨረሻ ትራሙ ሽቫንሃይም የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ሲያወርዳት፣ አባቷ የቤተ ክርስቲያን ኮቱን ለብሶ ቆሟል። ሰላምም ሳይላት ፊቷን በሁለት እጁ ይዞ አያት።

«መጣሽ» አለ።

«መጣሁ፣ አባዬ።»

ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ሊደብቀውም አልሞከረ። «የአባቴ ምርቃት አልቀረም ማለት ነው» አለ። «እንደዚያ ስልክሽ ዘግይቶ ነው እንጂ።»

ሻንጣዋን ከእጇ ተቀብሎ ወደ ቤት መንገድ ጀመረ። ከእግረኛው መንገድ ጠርዝ ሲደርሱ፣ ሃያ እርምጃ ለማይሞላ መንገድ፣ ቆም ብሎ ወደ እግሯ ተመለከተ።

«እንቅፋት አይምታሽ» አላት።

ኑኃሚን እዚያው መንገዱ ዳር አንገቷን ደፍታ «አሜን» አለች።