በገብርኤል የተነሳ ዶማ

አምለሰት በገብርኤል ዕለት ዶማ አነሳች። ግንቦት 19 ጧት ነበር፤ ምንጩ ጋ ከእሷ በቀር ሰው አልነበረም።

የውኃ ምሕንድስና ተማሪ ናት። ዩኒቨርሲቲው ለሁለት ወር አገልግሎት ከሽንዲ ግማሽ ቀን በእግር ወደሚያስኬድ ጎጥ ላካት። የምታድረው እማማ ሀብትነሽ ከሚባሉ ባልቴት ቤት ነው። ጎጡ ያለው አንድ ምንጭ ነው፤ ከብትም ሰውም ይጠጣበታል። አምና በክረምት ሁለት ሕፃናት በተቅማጥ ሞተዋል። በግንብ ልትከድነው ሲሚንቶ በአህያ አስመጥታለች። ተማሪዎቹን የሚመልሰው መኪና ግንቦት 28 እስከ ዳገቱ አፋፍ ይመጣል።

የሥራ ሠንጠረዡን ያወጣችው ፍኖተ ሰላም፣ እናቷ ቤት ሆና ነው። እዚያ በገብርኤል ሱቁም ቢሮውም ክፍት ነው።

ይርሳው የሚባል ገበሬ ከዳገቱ ላይ አያት።

«ተይ እንጅ ልጄ። በበዓል ቆፍረሽ በረዶ ልታመጭብን ነው?»

«ነገስ ትመጣላችሁ?»

«ነገማ እርሻ ነው። ዝናቡ ጥሏል።»

በሥራ ቀን ሰው የለም፤ ሰው ባለበት ቀን ሥራ የለም። ዶማውን አስቀምጣ ወደ ቄስ ገብረሰንበት ሄደች፤ መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቀች።

«በበዓል ለራስ አይሠራም» አሏት። «ለአቅመ ደካማ ደቦ ግን ከቅዳሴ በኋላ አባቶቻችንም ወጥተዋል። ደካማ አለሽ?»

እማማ ሀብትነሽ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ደቦው በስምዎ ይጠራ፤ ውኃ መቅዳት አቃታቸው ተብሎ» አለቻቸው።

«እኔን? ትናንት ከምንጩ ስንወጣ ሦስቴ ያረፈው ማን ነበር?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ደካማዋ አንቺ ነሽ።»

«እኔን መኪና ይወስደኛል። ምንጩ የሚቀረው ለእርስዎ ነው።»

ከአምናዎቹ ሕፃናት አንዱ የልጅ ልጃቸው ነበር።

«ደካማስ አይደለሁም» አሉ በመጨረሻ። «ግን ልባል።»

በማርያም ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ሠላሳ ሰው ወጣ። እማማ ሀብትነሽ ከሁሉም ቀድመው ድንጋይ ተሸክመው ወረዱ።

«አባ፣ ደካማችን እሳቸው ናቸው?» አለ ይርሳው።

ቄሱ ድንጋዩን አዩት። «አትጠይቅ፤ ተቀበላቸው።»

በጊዮርጊስ ግንቡ አለቀ። በመድኃኔዓለም ውኃው በቱቦ ወረደ። በማግስቱ መኪናው ዳገቱ አፋፍ ላይ ሲቆም፣ ከብት የሚከለክለው አጥር ሁለት ምሰሶ ይጎድለው ነበር። እማማ ሀብትነሽ አንዱን ይዘው ቆመዋል።

«ዛሬ ዐማኑኤል ነው እኮ» አለች አምለሰት።

«ቅዳሴው ወጥቷል። ደካማ አይደለሁም ወይ? ቆፍሪልኝ።»

ሹፌሩ ጡሩምባ ነፋ። አምለሰት ሻንጣዋን ሣሩ ላይ አስቀምጣ ዶማውን አነሳች።