የላላው ቺንጋ

ሽማግሌው በየሐሙሱ ጠዋት፣ ከሠርጋቸው ጀምሮ አብራቸው የኖረችውን ዕድሜ ጠገብ መኪና ከነእንፋሎቷ እየነዱ ጋራዡ ይደርሳሉ። ክራቫታቸው በወጉ የታሰረ ነው፤ እጅጌያቸው ላይ ግን የሾርባ ጠብታ አይጠፋም። «ዛሬም ፈላች፣ ልጄ» ይሉና ጥላው ሥር ካለችው በርጩማ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ይቀመጣሉ።

መካኒኳ ኮፈኑን ከፍታ ስታይ ጥፋቱ ያው ነው፤ የውሃውን ፓምፕ የሚያዞረው ቺንጋ ላልቷል። ባለፈው ሐሙስ በገዛ እጇ ወጥራ ያሰረችው ነበር። ዛሬ ግን ብሎኑ ላይ አዲስ የመፍቻ ጭረት አየች። ዞር ብትል የሽማግሌው ጥፍር ሥር ግራሶ አለ።

«አባባ፣ ይህን ቺንጋ የሚያላሉት እርስዎ ነዎት እንዴ?»

ሽማግሌው አንገታቸውን ደፉ። «ባለቤቴ አልጋ ከያዘች ስድስት ዓመቷ። እህቷ አጠገቧ የምትቀመጥልኝ መኪናችን ስትበላሽ ብቻ ነው። ልናፈስ ብዬ ብወጣማ ምን እባላለሁ? እኔስ ራሴን ምን እለዋለሁ?»

መካኒኳ መፍቻዋን አነሳች። ብሎኑን ለማጥበቅ ሁለት ደቂቃ ይበቃት ነበር። ወዲያው የሽማግሌው ስልክ ጮኸ፤ ገና ሳያነሱት ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«አዎ... አዎ፣ መጣሁ» አሉ ለባለቤታቸው እህት፣ እየተርበተበቱ።

መካኒኳ ስልኩ ውስጥ እስኪሰማ ድረስ ጮኸች። «አባባ፣ በምን ሊሄዱ ነው? ሞተሩ ገና እሳት ነው! እስከ ከሰዓት በኋላ የምትነካ አይደለችም!»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተውም ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ፈቱ።