ሐረግ ያለው መነጽር

ሰውየው መንገድ ላይ ዕቃችን የተጠቀለለበትን ነጠላ ሲገልጠው መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። ያስቆሙን ጠመንጃ መስሏቸው ነው፣ አሁን ጠመንጃ አለመሆኑን ሲያዩ ይለቁናል ብዬ አሰብኩ። ልጄም እንደዚያው ሳታስብ አልቀረችም፤ ፈገግ ብላ ነበር። ሰውየው ግን ዕቃው የተሠራበትን ወይራ አየ። በወይራው ላይ ዙሪያውን የሚጥመለመለውን ሐረግ በጣቱ ተከተለው። በሐረጉ መሀል መሀል የተቀረጹትን ትንንሽ መስቀሎች አየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ኮፍያውን አወለቀና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ይሄ የየትኛው ደብር ንዋየ ቅድሳት ነው?» አለን።

ነገሩ ከጠመንጃ የከፋ መሆኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

በዚያ ሰሞን ከገጠር አብያተ ክርስቲያናት ዕቃ ይጠፋ ነበር። ከአንዱ የብራና መጽሐፍ፣ ከሌላው መስቀል ጠፋ ይባላል። ለዚህ ነው የሰፈሩ ሰዎች ተራ ገብተው መንገድ የሚጠብቁት። ጠመንጃ ቢሆን ኖሮ ወረቀት አለሽ ወይ ይሉኛል፣ ሽማግሌ ይገባል፣ ነገሩ ያልቃል። የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ሰረቀች የተባለችን ሰው ግን ማን ቆሞ ይሰማታል? ዕቃው ደግሞ እኔ ጀርባ ላይ አልነበረም። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጄ ጀርባ ላይ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሌ መስቀል ቀራጭ ነው። ላሊበላን ለማየት ለሚመጣው እንግዳ ከወይራ መስቀል ይሠራል፣ እኔ እሸጣለሁ። እንግዳው ሲቀር እጁ ሥራ ፈታ። እጁ ሥራ ሲፈታ ደግሞ እሱ ይታመማል፤ ሌላ ሕመም የለውም። ልጃችን ከትምህርት ቤት መጥታ፣ ሁለት ብርጭቆ በአንድ ቱቦ ጫፍና ጫፍ ላይ ከተገጠመ ጨረቃን ያቀርባል አለችው። ቴሌስኮፕ ይባላል አለች። እኔ ሦስተኛ ክፍል ላይ ስላቆምኩ ስሙ አፌ ላይ አልገባ ብሎ መነጽር ነው የምለው። አንዱን ብርጭቆ ከሽማግሌ ማንበቢያ መነጽር አገኙት፣ ሌላውን ሰዓት ሠሪው ዓይኑ ላይ ከሚያደርጋት ማጉያ። ያ በሦስት ቀን አለቀ። እንጨቱ ግን ክረምቱን ሙሉ ፈጀ።

በየቀኑ መሮውን ይዞ ደጃፍ ላይ ይቀመጣል። ሐረግ ይጀምራል፣ ያዞረዋል፣ ከራሱ ጋር ያቆላልፈዋል፣ መጨረሻው የት እንደሆነ እስኪጠፋ። እኔ እመጣለሁ፣ እቆማለሁ።

«ለጨረቃ ማያ የውኃ ቧንቧ አይበቃም?» እለዋለሁ።

«ይበቃል» ይለኛል፤ ቀና እንኳ አይልም።

«ከበቃ ለምን ትለፋለህ?»

አንድ ቀን በአገጩ ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ አመለከተኝ። «እነዚያስ? ዝናብ የማያስገባ ዋሻ ቢፈለፍሉ አይበቃም ነበር? መስኮቱን ሁሉ ምን አስጌጣቸው?»

«እሱ ለእግዜር ነው። ያንተ ለጨረቃ።»

«ጨረቃይቱስ የማን ናት?»

ተቆጥቼ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ሲጨርስ ደግሞ መስቀሎቹን እንደሚያደርጋቸው አደረገው። ቅቤ ቀባው፣ ከምድጃ በላይ ሰቅሎ ጭስ አጠጣው፣ ወለወለው፣ እንደገና ቀባው። ፈረንጅ አዲስ እንጨት አይወድም። የአያት የቅድመ አያት የሚመስል ነገር ነው የሚወድ። እኛም በዚህ ነው የኖርነው፤ አሁን ልደብቀው አልችልም።

«ልጅህንም እንደ ፈረንጅ ልታታልላት ነው?» አልኩት።

«እጄ ለምዶ ነው። አዲስ እንጨት ራቁቱን የቆመ ሰው ይመስለኛል።»

ያን ቅቤና ጭስ ያን ጊዜ አስጥዬው ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

መጀመሪያ ያየሁበት የጎረቤታችንን አህያ ነው። ተገልብጣ፣ እግሯ ወደ ሰማይ ሆኖ፣ ሣር ትግጣለች። ብርጭቆው እንዲህ ነው የሚያሳይ፣ ሁሉን ገልብጦ። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። «ለዚህ ነው ክረምቱ ያለቀው?» አልኩ። ልጄ ወደ ጨረቃ አዙራ፣ በግድግዳው ላይ ደግፋ ያዘችልኝ፤ ወይራ ስለሆነ በእጅ አይቆምም፣ ይከብዳል።

ያየሁትን እንዴት ብዬ ልጻፈው። ጨረቃ ግማሽ ነበረች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እንደ ሰታቴ ክዳን ልስልስ ያለች ትመስለኝ ነበር። ፊቷ ግን የፈንጣጣ ጠባሳ የመሰለ ጉድጓድ በጉድጓድ ነው። ብርሃኗና ጨለማዋ በሚገናኙበት መስመር ላይ ደግሞ ትንንሽ ነጠብጣቦች ያበራሉ፣ ጨለማው ውስጥ ብቻቸውን። ልጄ ምን እንደሆኑ ሳትነግረኝ አወቅኋቸው። እኛ አገር ጠዋት ፀሐይ መጀመሪያ የተራራውን ጫፍ ነው የምትነካ። ሸለቆው ገና ጨለማ ነው፣ ጫፉ ግን እሳት መስሎ ይቆማል። እዚያም ተራራ አለ ማለት ነው። እዚያም እየነጋ ነው ማለት ነው። እንባዬ ብርጭቆውን አረጠበውና ልጄ በነጠላዬ ጠረገችው።

ታላቅ እህቴ ከብልባላ ከተማ ወዲህ ነው የምትኖር። እግሯ ከከዳት ቆይቷል፤ ከመደቧ ደጃፏ ድረስ ነው ዓለሟ። ልጄ «እማ፣ እትዬን ላሳያት» አለች። ይከብዳል፣ መንገዱ ሩቅ ነው ብል አልሰማ አለች። በነጠላዬ ጠቅልላ፣ በጠፍር ጀርባዋ ላይ አስራ ሄድን።

እህቴን ደጃፏ ላይ አስቀምጠን፣ ከማዶ ገደል ላይ ያለችውን የተዳረችባትን ቤተ ክርስቲያን አሳየናት። እግሯ ከያዛት ወዲህ ቀርባ አይታት አታውቅም። በሁለት እጇ ይዛ አየች። ከዚያ፣

«ተገልብጣ ነው የምትታየኝ» አለች።

«ብርጭቆው ነው እትዬ፣ እንዲህ ነው የሚያሳየው» አለች ልጄ።

«ይሁን፣ ልክ ነው። ትዳሬም እንዲሁ ነበር።»

እስኪያመን ሳቅን። እህቴ መነጽሩን እስኪመሽ ከጉልበቷ ላይ አላወረደችውም። ዓይኗን ካነሳች በኋላም ሐረጉን በመዳፏ ታሻሽ ነበር፣ ሕፃን እንደምታስተኛ። እዚያው አደርን። በማግስቱ ጠዋት እንደተነሳን ነው፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ሁለት ሰዎች ያስቆሙን። አንዱ ኮፍያ ያደረገው ነው፤ ሌላው ጠመንጃ የያዘ ወጣት ነው።

«የየትኛውም ደብር አይደለም ወንድሜ» አልኩት ባለኮፍያውን። «ባሌ ነው የሠራው።»

«መቼ?»

«ባለፈው ክረምት።»

ወደ አፍንጫው አስጠግቶ አሸተተው። «የክረምት እንጨት እንዲህ ይጠቁራል? የቤተ መቅደስ ጭስ እኮ ነው የሚሸተኝ።»

ቅቤና ጭስ ነው ብዬ መናገር ነበረብኝ። ግን እንዲህ ካልኩ፣ ባሌ አዲሱን አሮጌ እያስመሰለ ይሸጣል ማለቴ ነው፤ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ገበያ ይገባል። አመነታሁ። ዝም ያልኩት ለአንድ ትንፋሽ ያህል ነው፣ ሰውየው ግን አየኝ። ፊቱ ተኮሳተረ።

«ጨረቃ ማያ ነው» አለች ልጄ ፈጥና። «ቴሌስኮፕ ነው።»

«ጨረቃን እኛ ያለሱም እናያታለን» አለ ባለጠመንጃው።

«አንተ የምታያት ትንሿን ነው» አለችው። በዚያ ሰዓት እንኳ አፏን አልያዘችም። ቆነጠጥኳት።

ባለኮፍያው የልጄን ጠፍር ያዘ። «ልጅቷ እኛ ዘንድ ትቆይ። አንቺ ሂጂና ባልሽን አምጪ።»

እኔን ያዙኝና እሷ ትሂድ ብዬ ለመንኩት። የተሸከመችው እሷ ናት አለኝ። ጠፍሩን በአንድ በኩል እሱ፣ በሌላ በኩል እኔ ይዘን ቆምን፤ ልጄ መሀል ላይ። ብለቀው ይወስዷታል። ሌላ ምንም አላሰብኩም። በመጨረሻ፣ «ቄሰ ገበዙ ይምጡ። የቤተ ክርስቲያን ዕቃ የሚያውቁ እሳቸው ናቸው፣ እሳቸው ይፍረዱን» አልኩ። ይህን እንቢ ማለት አልቻለም። ወጣቱ ከላይ ካለው ደብር ሄዶ ጠራቸው።

ጥላቸውን ይዘው ቀስ እያሉ ወረዱ፤ ሽማግሌ ናቸው። መስቀላቸውን ተሳለምን። መነጽሩን በሁለት እጃቸው ተቀብለው አገላበጡት፣ አጨንቁረው አዩት። ፊታቸው፣ ያ ሰውዬ ኮፍያውን ሲያወልቅ እንደነበረው፣ በአክብሮት ለሰለሰ።

«የድሮ እጅ ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ ማመንታት አልነበረኝም። «አባቴ፣ የድሮ አይደለም። ባሌ ቅቤ ቀብቶ በጭስ እያጠቆረ አዲሱን አሮጌ ያስመስላል። መስቀሎቹንም እንዲሁ አድርገን ነው ለእንግዳ የምንሸጣቸው። ይህንንም እጁ ለምዶ ነው» አልኳቸው። ልጄ ፊት፣ በማላውቃቸው ሰዎች ፊት ተናገርኩት።

ቄሰ ገበዙ አዩኝ። «ሌባ አይደለሁም ለማለት አታላይ ነኝ አልሽ። ይኸማ ምን ያድንሻል፣ ልጄ?»

«አባቴ፣ ውስጡን ላሳይዎት» አለች ልጄ።

ተቀበለቻቸውና ዓይን የሚደረግበትን ጫፍ ጠመዘዘችው። ሲንቋቋ ሰማሁ። ሰበረችው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ከወይራው ውስጥ ሌላ ነገር ይዛ እያወጣች ነው። ግራጫ ነው፣ ፕላስቲክ ነው፣ የፋብሪካ ጽሑፍ በጎኑ ተጽፎበታል። የውኃ ቧንቧ ነበር።

ቄሰ ገበዙ ከእጇ ወስደው በጥፍራቸው መቱት። «ይኼንንማ አውቀዋለሁ። ውኃ ሲገባልን ቆፍረን የቀበርነው ነው፣ ራሱ ዓይነቱ» አሉና ወደ ባለኮፍያው ዞሩ። «በል እንግዲህ፣ የትኛው ቅድመ አያትህ ነው በቧንቧ የሠራው?»

ባለጠመንጃው ሳቀ። ባለኮፍያው ጠፍሩን ለቀቀ።

እኔ ግን ቧንቧውን እያየሁ ደርቄ ቀረሁ። አላውቅም ነበር። ክረምቱን ሙሉ ቧንቧ ይበቃል እያልኩ ስጨቀጭቀው፣ ይበቃል እያለኝ፣ ለካ ቧንቧውን ውስጡ አድርጎት ኖሯል። ወይራው ለቧንቧው የተሰፋለት ልብስ ነው።

ልጄ መልሳ ገጣጠመችው። ጨረቃ ገና አልጠለቀችም ነበር፤ በስተ ምዕራብ፣ በቀን ሰማይ ላይ፣ ነጭ ሆና ተንጠልጥላለች። ቄሰ ገበዙ እስኪ አሉ። በድንጋይ ካብ ላይ ደግፋ ያዘችላቸው። ጥላቸውን ለባለኮፍያው ሰጥተው ጎንበስ አሉ። ቀና ሲሉ አማተቡ።

«ተራራ አለባት» አሉ፤ ለማንም አይደለም፣ ለራሳቸው።

ቀጥለው ልጄን ጠየቋት። «ቧንቧው ብቻውን ቢሆን ያሳያል?»

«አዎ አባቴ፣ እኩል ያሳያል። እንዲያውም ይቀላል።»

«ታዲያ ይህ ሁሉ ሐረግ ለምንድን ነው?»

«እኔም ይኸንኑ ስጠይቅ ነው የከረምኩት» አልኩ።

ባለኮፍያው ነው የመለሰው። ኮፍያው እስካሁን እጁ ላይ ነበር። «እኔ እንጃ፣ አባቴ» አለ፣ «ግን ቧንቧ ብቻ ቢሆን ኮፍያዬን አላወልቅለትም ነበር።» ነጠላዬን አራግፎ መነጽሩን ራሱ ጠቀለለው፣ ልጄ ጀርባ ላይም ራሱ አሰረው። ኮፍያውን ያደረገው ስንሄድ ነው።

ፍርሃቱ የያዘኝ ከዚያ በኋላ ነው። ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ። ልጄ ከፊቴ ትሄዳለች፣ ያ ከባድ ነገር ጀርባዋ ላይ። ውበቱ ልጄን ሊያሳጣኝ ነበር፣ ቧንቧው መለሰልኝ። እንዲህ ብዬ ታሪኩን ልጨርሰው እሞክራለሁ፣ ግን አያልቅልኝም። ሰውየው ሌባ ሳይለን በፊት ነው ኮፍያውን ያወለቀው። እሱን ሳስበው እፈራለሁ፣ ደግሞም ይደንቀኛል፤ ሁለቱን መለየት አልቻልኩም።

ባሌ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሁሉን ነገርኩት። የቅቤውን ነገር ለሰዎቹ መናገሬን ሲሰማ አንገቱን ደፋ።

«ቧንቧውን ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት።

«ወይራውን ስቦረቡረው ውስጡ ቀጥ አላለልኝም። አንቺ ልክ ነበርሽ» አለ። «ልክ ነሽ ብልሽ ደግሞ ሐረጉን ታስጥዪኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

እውነቱን ነው፣ አስጥለው ነበር።

ልጄ መነጽሩን ፈትታ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው፣ እግሯን ታጠበች፣ እንጀራ አቀረብኩላት፣ በላች። በሩን ዘጋሁ። ቤታችን ገብተናል። ማንም አልወሰዳት። ደህና ነን።