በጾም የደበቅኩት ቫዮሊን

እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ የልጄ ትምህርት ቤት የመጀመሪያዎቹ የአሜሪካ መሪዎች ይወዱት በነበረው ሙዚቃ ላይ ዝግጅት ሲያሰናዳ፣ እሷ ቫዮሊን እንድትጫወት ተመረጠች። ቀኑ ዐቢይ ጾም ውስጥ ዋለ።

«በጾም ዘፈን? ደግሞስ የአገር መሪ እንደ አዝማሪ ክር ሲገዘግዝ ይውላል እንዴ?» አልኳት።

«ማሚ፣ የአሜሪካን የነጻነት አዋጅ የጻፈው፣ በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ሰውዬ እኮ በየቀኑ ቫዮሊን ፕራክቲስ ያደርግ ነበር።»

«እሱ ይጹም አይጹም አላውቅም፤ አንቺ ግን ትጾሚያለሽ» ብዬ ቫዮሊኑን አልጋዬ ሥር ደበቅኩት።

በዝግጅቱ ቀን አብሬያት ሄድኩ። መምህሯ በር ላይ ቫዮሊኑ የት እንዳለ ጠየቋት። ልጄ ቀና ብላ አየችኝና በእንግሊዝኛ፣ «ቤት ረስቼው መጣሁ» አለቻቸው። መምህሯ ዛሬን እንዴት ትረሻለሽ ብለው ሰው እየሰማ ወቀሷት። እሷም ይቅርታ ጠየቀች።

ያን ያህል እንግሊዝኛ አያቅተኝም። «የደበቅኩት እኔ ነኝ» ብል ይበቃ ነበር። ምን ዓይነት እናት ናት እንዳይሉኝ ፈርቼ ዝም አልኩ። ጾሟን እንዳትሽር ብዬ የከለከልኳት ልጅ፣ ለእኔ ስትል በጾም ዋሸች። ጓደኞቿ ሲጫወቱ አጠገቤ ተቀምጣ ታጨበጭብ ነበር፤ እኔ ግን ዞር ብዬ ፊቷን ማየት አፈርኩ።