አባቴን ለብቻዬ ያገኘሁ ዕለት

ልጅ እያለሁ አባቴን ከፊቱ ይልቅ በእግሩ ነበር የማውቀው። የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከመንገድ ሲመለስ መኪናው ሥር ይገባና እግሩ ብቻ ውጭ ይቀራል። እናቴ "ሂጂ አባትሽን ለምሳ ጥሪው" ስትለኝ ሄጄ የምጠራው ያን ጥንድ ጫማ ነበር። "አሁን መጣሁ" ይላል ጫማው። ናፍጣና ግራሶ የሚሸት ቦታ ሁሉ እስከ ዛሬ አባቴ ያለበት ይመስለኛል። እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ እንኳ ነዳጅ ልንቀዳ ስንቆም መስኮቱን ዝቅ አድርጌ አየሩን እስባለሁ፤ ልጄ ያሬድ "እማዬ፣ ጤና አይደለም እኮ" እያለ መልሶ ይዘጋብኛል።

የምንኖረው መቂ ነበር። አንድ ሰሞን እናቴ "ልጅቷ አባት እንዳላት ትወቅ እንጂ" ብላ ነዘነዘችው፣ ነዘነዘችውና ዝዋይ ሐይቅ ወስዶን በጀልባ ወደ ደሴቱ ሊያሻግረን ቃል ገባ። ደሴቱ ለእኔ ምኔም አልነበረም። እኔ የጓጓሁት ጀልባው ላይ አባቴ ከጎኔ ሊቀመጥ ስለሆነ ነው። ጀልባ ሥር ደግሞ ገብቶ የሚተኛ ሰው የለም።

አባቴ ያጠፋው ነገር ቢኖር መሄዳችንን ለአንድ ጎረቤት መናገሩ ነው። በማግስቱ ጠዋት ደጃችን ላይ ሰፈሩ ሁሉ ቆሟል። እትዬ በለጡ ዶሮዎቻቸውን እግራቸውን አስረው መጥተዋል። ዘመድ ሊጠይቁ የሚሄዱ አሉ፤ ስለት ያለባቸው አሉ። ጋሽ ወልዴ በር ይዘው መጡ። የቤት በር፣ ከነማጠፊያው። "ለእህቴ ልጅ ነው፤ መንገድህ ላይ ነው" አሉት። መንገዱ ላይ አልነበረም። አባቴ ግን እምቢ የሚባል ቃል አልፈጠረበትም፤ በሩን ራሱ ተሸክሞ ጫነላቸው። እናቴ ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ ወደፊት ብቻ ታያለች። እኔን ጭኗ ላይ አጥብቃ የያዘችው እንዳልወድቅ ነው ወይስ ንዴቷን እንድጋራት፣ እንጃ።

ሐይቁ ዳር ስንደርስ ሁሉም ጉዳይ አለው። አንዱን እዚህ አድርስ፣ አንዷን ከዚያ አምጣ፣ በሩ ደግሞ የሚገባበት ቤት ጠፋ። እኔ ጀልባው ላይ ወጥቼ ከጎኔ ባለው ቦታ ጫማዬን አስቀመጥኩ። ሰው ሊቀመጥ ሲመጣ "የአባቴ ነው" እላለሁ። አንድ ቄስ መጡ፤ እሳቸውንም "የአባቴ ነው" አልኳቸው። ቀዛፊው ስቆ ሌላውን ሰው በሌላ ጀልባ አሻገረ። እናቴ ከዛፍ ጥላ ሥር ሆና አምባሻ ትልክልኛለች። አባቴ ባለፈ ቁጥር "አሁን መጣሁ" ይለኛል።

የመጣው ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው። ቀዛፊው ነፋስ ተነሥቷልና ዛሬ ከእንግዲህ አይቻልም አለ። ላለቅስ ስል አባቴ አየኝና ጫማዬን አንሥቶ ከጎኔ ተቀመጠ። ጀልባው በገመድ ከዛፍ ጋር ታስሮ ነበር። ትንሽ ወዘወዝ ሲል ቀና ብዬ ሳየው፣ ያ አገር ምድሩን የሚያቋርጥ ሰውዬ ጠርዙን በሁለት እጁ ጨምድዶ ይዞ ዓይኑን ጨፍኗል።

"አባዬ፣ ታስሯል እኮ" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ። "ገመዱን እስቲ አንዴ እይልኝ።"

አየሁለት። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ እይልኝ አለ፤ ደግሜ አየሁለት። ሳቄ አምልጦኝ ጀልባው ሲነቃነቅ "ቀስ ብለሽ ሳቂ፣ ጥሩዬ" አለኝ። ከዚያ እሱም ሳቀ። ደሴቱን እስከ ዛሬ አላየሁትም። ሳላየው መቅረቴም ቆጭቶኝ አያውቅም።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ባለፈው ክረምት፣ በረዶው ሂልቶፕ ሰፈር ያለውን ቤታችንን በር አላስከፍት ባለበት ሰሞን፣ የሄድንበት ሌላ ደሴት ነው። ስሙን አፌ አይዘውም። ባሕሩ እንደ ገላ መታጠቢያ ለብ ያለ፣ ኮኮናት ከዛፍ የሚወድቅበት አገር ነው። ያሬድ ከከተማው ዳር፣ ግሮቭፖርት ባለ መጋዘን ውስጥ የፈረቃ ኃላፊ ነው፤ ቤት ሲገባም ስልኩ ውስጥ ይገባል። ሚስቱ ሂሩት "ቫኬሽን ላይ ስልክ የለም፤ ከናኦሚ ጋር ብቻ ነህ" ብላ አስማለችው። ልጃቸው ናኦሚ ስምንት ዓመቷ ነው፤ መዋኘት ሊያስተምራት ቃል ገብቶላታል።

ልጄም አያቱን ወጥቶ ለአንድ የሥራ ባልደረባው ነገረ። ሁለት ቤተሰብ ከግሮቭፖርት፣ አንድ ከሉዊስ ሴንተር፣ በርበሬያቸውን በሻንጣ ይዘው ተከተሉን። እዚያ አገር መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ነው፤ ከያሬድ በቀር ደፍሮ የሚነዳ ጠፋ። ስለዚህ የተከራየነው ቫን ሾፌር እሱ ሆነ። ከተከተሉን አንዱ ጋሽ ተፈራ ደግሞ የሆቴሉ ሥጋ ፍሪጅ ያየ ነው ብለው አልበላም አሉና ልጄን በነፍሱ ያለ ፍየል ፍለጋ ደሴቱን ሲያዞሩት ዋሉ። ፍየል ተገኘች፤ ባለቤቷ ግን አልሸጥም አለ፤ ስም አውጥቶላታል። ናኦሚ የፕላስቲክ ቀለበቷን ወገቧ ላይ እንዳጠለቀች አሸዋው ላይ ተቀምጣለች። አባትሽ የት ሄደ ብላት "ዳዲ ሴድ ፋይቭ ሚኒትስ" አለችኝ። እንግሊዝኛ አልችልም፤ ይህችን "አሁን መጣሁ" ግን ከመቂ ጀምሮ አውቃታለሁ።

በማግስቱ ቁርስ ላይ የቫኑን ቁልፍ ከጠረጴዛው አነሣሁና ጡቴ መሐል ከተትኩት። ጋሽ ተፈራ ቁልፍ የት ሄደ ብለው ሲጠይቁ "እኔ ጋ ነው ጋሼ፤ የፈለገ እጁን ሰዶ ይውሰድ" አልኳቸው። ያሬድ ከአንገቱ እስከ ጆሮው ቀላ። ሂሩት በናፕኪን ፊቷን ሸፍና ትንፈቀፈቃለች። ጋሽ ተፈራ ሻያቸውን አማሰሉና የሆቴሉን ዓሣ አዘዙ።

ልጄ የሚያደርገው ሲያጣ ባሕር ገባ። ገባና አልወጣም። ናኦሚን እግርሽን እንዲህ፣ አንገትሽን እንዲያ እያለ ያሠለጥናታል፤ ፀሐይ መከላከያ እየደጋገመ ይቀባታል፤ አሸዋ ላይ የሠራችውን ቤት "መሠረቱ ልክ አይደለም" ብሎ አፍርሶ ይሠራላታል። ወደ ማታ እያንገሸገሻት ወደ እኔ መጣች። "እማማ፣ ፕሊስ፣ ቁልፉን ስጪው" አለችኝ። "ሂ ኢዝ ቱ ማች፤ በዛብኝ።"

እንዲህ ስቄ አላውቅም። ክፍሌ ገብቼ ግን አልጋው ጠርዝ ላይ ትንሽ ተቀመጥኩ። እኔ አባቴን ሳስበው ያ መሸት ያለ ሰዓት፣ ያ ጀልባ ይመጣብኛል፤ ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ይህን ያህል አብሮኝ የተቀመጠበትን ጊዜ ፈልጌ አጣለሁ። የዛሬ ልጆች ስንት ነገር አላቸው፣ አይፓድ፣ ብስክሌት፣ የየራሳቸው ክፍል፤ በዚህ ቀንቼባቸው አላውቅም። ናኦሚ ግን ያን ዕለት በአባቷ ተሰላቸች። የእኔ አባት እስኪሰለቸኝ ድረስ አጠገቤ ቢቀመጥ ኖሮ ምን እል ይሆን? "በቃህ፣ ሂድ ወደ መኪናህ" እል ይሆን? ቁልፉን አልሰጠኋትም።