አምባው ደጅ ላይ የቀረ ዕለት

ከፈለኝ ከሱቄ ጀርባ ባለችው ክፍል ተከራይቶ ሲኖር አንድም ቀን ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። እኔ ግን ዛሬም ስሙ ሲነሳ ደሜ ይፈላል። እወደዋለሁ፣ ወላሂ እወደዋለሁ። የምናደደውም ለዚሁ ነው።

ከወሎ ተመድቦ ቦንጋ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። በኢሕአዴግ ጊዜ ነው፤ ስብሰባውም ሥልጠናውም ማለቂያ አልነበረውም። የእሱ ሥራ በየቀበሌው እየዞረ ስለ እኩልነት ማስተማር ነበር፣ በተለይ ስለ ማንጆዎች። ማንጆዎች ጫካ ዳር የሚኖሩ፣ ከጥንት ጀምሮ አደን የሚያድኑ ሰዎች ናቸው። ሌላው ሰው ቤቱ አያስገባቸውም፣ ከእነሱ ጋር አንድ ሳህን ላይ እጁን አይሰድም። ምግብ ቢሰጣቸውም ደጅ ላይ በእንሰት ቅጠል ነው፣ ዕቃ እንዳይነኩ። ከፈለኝ ታዲያ ንግግሩን ሲጨርስ አምባው የሚባለውን ማንጆ ወዳጁን አጠገቡ ያስቀምጥና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ከአንድ ሳህን አብረው ይበሉ ነበር። አንዳንዱ ፊቱን ያዞራል፣ አንዳንዱ ያጨበጭባል። ዋጫ የምትባለው ከተማ ላይ ካጨበጨቡት አንዷ ፍሬ ናት፤ አስተማሪ ናት። ልቧ ወደ እሱ የሄደው ያን ቀን ነው።

ችግሩ አባቷ ነበሩ። ጋሽ አደሎ ከዋጫ ወጣ ብለው የሚኖሩ፣ ቡናቸውም በጋቸውም የተትረፈረፈ ሰው ናቸው። ዘሩን ለማላውቀው መንገደኛ ልጄን አልሰጥም ብለው ቁርጡን ነግረዋታል። ክረምቱ ሲጠና ግን ቀበሮ ጠቦቶቻቸውን እየለቀመ ይጨርስ ጀመር። ከፈለኝ ይህን ሲሰማ ፊቱ በራ። ቀበሮውን ከገደልኩላቸው እምቢ አይሉኝም አለኝ። አንተ ሰው፣ ዶሮ እንኳ አርደህ ታውቃለህ ወይ ብዬ ሳቅሁበት። አምባው አለልኝ አለ።

ቅዳሜ ጠዋት የመሥሪያ ቤቱን ሞተር አስነስቶ በዝናብ ሄደ። አምባውን ከመንደሩ ወሰደው፤ እሱ ጦርና መረቡን ይዞ ከኋላ ተፈናጠጠ፣ ውሾቹ እየሮጡ ተከተሉ። መንገዱ ጭቃ ብቻ ነው። የኋላ ጎማው ላይ ገመድ ጠምጥመውበትም ሞተሩ እየተንሸራተተ ቦይ ውስጥ ይገባ ነበር። በገባ ቁጥር አምባው ወርዶ በትከሻው እየገፋ ያወጣዋል። ጫካው ጫፍ ሲደርሱ አምባው ቀበሮው በሚመላለስበት መውጫ ላይ መረቡን ዘረጋ። ከፈለኝ ደግሞ በወዲያኛው በኩል ዞሮ ሞተሩን እያንጫረረ ቁጥቋጦውን እንዲያምስ ተባባሉ። ያ ጩኸት እንኳን ቀበሮ ሙት ይቀሰቅሳል። ቀበሮው ፈትለክ ብሎ ወጣ፣ ውሾቹ አዋከቡት፣ መረቡ ውስጥ ገባ፣ አምባው በጦር ጨረሰው። ከፈለኝ ከነጭቃው አምባው አንገት ላይ ተጠመጠመ። ወንድሜ፣ ዛሬ ቤት ሠራህልኝ አለው።

ቀበሮውን ሞተሩ ላይ ጭነው ጋሽ አደሎ ግቢ ገቡ። ሽማግሌው በደስታ የሚያደርጉትን አጡ፤ ከፈለኝን አቅፈው እየሳሙ ግባ የኔ ጀግና አሉት። ጦሩን የያዘውን ሰው ቀና ብለውም አላዩት። አምባው ከነውሾቹ ጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆሞ ቀረ፣ ዝናቡ ጀርባው ላይ እየተንጠባጠበ። የቤቱ እመቤት እትዬ ዘነበች የእንሰት ቅጠል ቆርጠው ቆጮ አደረጉበትና መሬት ላይ አኖሩለት። አምባው እጁን አልሰደደም። ከፈለኝን ነበር የሚያየው። ና ግባ የምትል አንዲት ቃል ነበረች የምትጠበቀው፣ ይህ ልጅ በየአዳራሹ ሲዘራት የኖረ ቃል። ከፈለኝ ጋሽ አደሎን አየና ጎንበስ ብሎ ወደ ቤት ገባ።

ፍሬ ማስታጠቢያውን ይዛ መጣች። ውኃውን ጀመረችና አቆመችው።

«ጓደኛህስ የት ይታጠብ?» አለችው ቀስ ብላ።

አባትዬው እየሰሙ ነው። ከፈለኝ ወደ እሳቸው ፈገግ አለ።

«እሱ ለምዶታል» አለ።

ፍሬ እስኪጨርስ አፈሰሰችለት፣ ፎጣውንም ሰጠችው። እሱም በላ፣ ተመርቆ ወጣ።

ሲመለሱ ሞተሩ ጠዋት የገባበት ቦይ ውስጥ ደግሞ ገባ። አምባው ወርዶ እንደ ጠዋቱ በትከሻው ገፍቶ አወጣው። መንደሩ ሲደርሱ መረቡን አነሳና ከእንግዲህ ሥልጠና አትጥራኝ አለው።

ይህን ሁሉ ያኔ አልነገረኝም። ተሳካ ጋሽ ኸሊፋ፣ ሽማግሌ ይሁኑልኝ አለኝ እንጂ። ዓይኔን ሳያይ መናገሩን ልብ ብዬ ነበር፤ ሙሽራ ሊሆን ነውና አፍሮ ነው ብዬ ተውኩት። ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር ጋቢዬን ለብሼ ሄድኩ። ጋሽ አደሎ ለእኔ ሲሉ የእስላም ሥጋ አስመጥተው በተለየ ድስት አሠርተው ጠበቁኝ፤ እንዲህ ያለ ክብር ያውቃሉ ሰውዬው። ልጄን ፈቅጃለሁ፣ የእሷን ቃል ደግሞ ከራሷ ስሙ አሉን።

ፍሬ ቆማ የሆነውን አንድ በአንድ ነገረችን። ጋሽ አደሎ መሬት መሬቱን ያያሉ። እኔ የጠቀለልኩትን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለስኩት። የሰው ልጅ ደጅ ተጥሎ፣ ለእኔ የተለየ ድስት ተጥዶ! አላገባውም አለች። ታዲያ ምን ብለን እንንገረው አልናት።

«ይለምደዋል በሉት» አለች።

ቦንጋ ስደርስ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። መንገዱን ሙሉ ስድብ ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት። ፊቱን ሳየው ግን የተላክሁትን ብቻ ነገርኩት። የለስላሳ ሣጥን ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ስለ ፍሬ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። አምባው እያየኝ ነበር እኮ፣ እያየኝ ነው የገባሁት አለ። አፈርኩ ጋሽ ኸሊፋ፣ ከራሴ ጋር መቀመጥ አፈርኩ እያለ አለቀሰ። ማፈር ይገባው ነበር።

በዚያው ሳምንት እዚሁ ቦንጋ ሥልጠና ነበረበትና እኔም ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ። ንግግሩን እንደ ወትሮው አሳምሮ ተናገረ፣ ሰውም አጨበጨበ። ከዚያ የተለመደው ሳህን መጥቶ ፊቱ ቀረበ፤ ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ነው። አንዲት ልጅ ማስታጠቢያ ይዛ መጥታ እጅህን አለችው። ከፈለኝ እጁን ሳይዘረጋ ወንበሩን ቆሞ ሲያይ ቆየ፣ ከዚያም በሰው መሃል አቋርጦ ወጣ።