በአውሮፕላኗ በር አጠገብ የቆመው ሰው

ዳንግላ ከሚገኘው ፎቶ ቤት ሥራ የጀመርሁ ዕለት ባለቤቱ ጋሼ አለኸኝ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«ዲግሪሽ የምንድን ነው?»

«የፊዚክስ» አልሁ። ድምፄ ስላልተሰማ ደግሜ ነገርኋቸው።

«ይሁን፤ አቧራ ለመጥረግ አያግድም» ብለው ለስላሳ ብሩሽ ሰጡኝ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አሮጌ ፎቶዎችን በብሩሽ እየጠረግሁ በስካነር አነሣና ቁጥር እሰጥ ነበር። ቀጥሎ የተሰነጠቀ ፊት መጠገን ተማርሁ። ከዓመት በኋላ ደንበኞች «አዳሿ» ይሉኝ ጀመር። ጋሼ አለኸኝ ፎቶ ያነሣሉ፣ ደንበኛም ያነጋግራሉ፤ እኔ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ተቀምጬ አድሳለሁ። ሰው ማነጋገር ስለማልወድ ተስማምቶኝ ነበር።

በዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ሰው ማጥፋት ነው። የተፋታ ባል ይጠፋል፤ የተጣላ ወንድም ይጠፋል። ሰውየውን ማንሣት ቀላል ነው። ከባዱ ከኋላው የነበረውን መሙላት ነው። ግድግዳ ከሆነ ግድግዳውን መቀጠል ይቻላል። ሌላ ነገር ከሆነ ግን መጀመሪያ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

እትዬ ይመኙሻል ከአዘና ከተማ ከልጃቸው ጋር የመጡት ለዚህ ነበር። ዕድሜያቸው ሰባ ገደማ ነው። ከነጠላቸው ጫፍ ፈትተው ያወጡት ፎቶ ላይ ጋቢ የለበሱ ሁለት ሰዎች ከአንዲት ትንሽ አውሮፕላን ፊት ቆመዋል። አባታቸው ዳንግላ ላይ አውሮፕላን የሚያርፍበትን ሜዳ ሣር ያጭዱ ነበር፤ የሞቱትም እሳቸው ሳይወለዱ ነው። ሌላ ፎቶ የላቸውም።

የመጀመሪያው ፎቶ ከአጎታቸው ሣጥን ሲወጣ ዝናብ በልቶት ነበር። የተረፈው ከጀርባው የነበረው የአጎታቸው ጽሑፍና የፎቶ ቤቱ ቁጥር ብቻ ነው። ያን ጊዜ ወጣት የነበሩት ጋሼ አለኸኝ ቁጥሩን አይተው፣ የራሳቸው አባት ፎቶውን ካነሡበት ፊልም፣ ከኔጋቲቩ፣ እንደገና አተሙላቸው። ጽሑፉንም ከጀርባው ደግመው ጻፉት፦ «በስተቀኝ የቆመው አባትሽ ነው።»

«ይኼን በግራ የተገተረውን ሰውዬ አጥፊልኝ» አሉኝ እትዬ ይመኙሻል። «ዕድሜዬን ሙሉ ከአባቴ ጎን ተገትሮ ሰለቸኝ።»

ልጃቸው ሳቀ። «እማ፣ ሰውዬው ምን በደለሽ?»

«ምንም። አባቴን ብቻውን ልየው!»

ሰውዬው የአውሮፕላኗን በር ግማሽ ሸፍኖት ነበር። የተሸፈነውን ለመሙላት የአውሮፕላኗን ዓይነት ማወቅ ነበረብኝ።

ከተማሪነቴ ጀምሮ በስልኬ የምከታተለው አንድ ቡድን አለ። አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ መካኒኮች ናቸው። ዓይነቷ ያልታወቀ አሮጌ አውሮፕላን ፎቶ ይለጥፉና «ይህች ማናት?» ይባባላሉ። እኔ መጀመሪያ ሞተሯን እቆጥራለሁ፣ ከዚያ ጅራቷን፣ ከዚያ መስኮትና ጎማዋን አያለሁ፤ መልሱን በልቤ እይዛለሁ። አንድም ቀን ጽፌ አላውቅም። ያን ዕለት ግን የሁለቱን ሰዎች ፊት ሸፍኜ «ዳንግላ ናት፤ ማናት?» ብዬ ለጠፍሁ።

«ዳንግላ ከሆነችማ ጋሪ ናት፤ ፈረሷን ፈልጊ» አለ አንዱ። ሌሎቹ የማይመስሉ ስሞች ደረደሩ። በመጨረሻ ሁልጊዜ ከጅራት ስለሚጀምሩ «ጋሽ ጅራት» የምንላቸው ሽማግሌ ጻፉ።

«ጅራቷም፣ ጉብ ያለው የአብራሪ ክፍሏም ዶቭ የምትባለው የእንግሊዝ አውሮፕላን ነው። የዶቭ የመንገደኛ በር ግን በግራ ጎኗ ነው፤ ያንቺዋ በቀኝ አላት። ልጄ፣ ፎቶሽ ግራና ቀኙ ተዛውሯል።»

በኮምፒውተሩ አዞርሁት። በሩ በቦታው ገባ።

ኔጋቲቩን የፎቶ ቤቱ አሮጌ ፊልሞች ከሚቀመጡበት የቆርቆሮ ሣጥን አወጣሁ። ኔጋቲቭ ሁለት ገጽ አለው፤ አንዱ ያንጸባርቃል፣ ሌላው ደብዛዛ ነው። ሲታተም ደብዛዛው ወደ ወረቀቱ መዞር አለበት። በትክክል ይዤ በብርሃን ሳየው የአውሮፕላኗ አፍንጫ ወደ ግራ ነበር፤ በእትዬ ይመኙሻል ፎቶ ላይ ግን ወደ ቀኝ ነው። ጋሼ አለኸኝ ያን ጊዜ በተሳሳተው ገጽ አትመውታል። አጎትየው የጻፉት ትክክለኛውን ፎቶ አይተው ነው፤ በዚያ ላይ በስተቀኝ ያለው በሩን የሸፈነው ሰውዬ ነው። ስለዚህ አባትየው አጥፊው የተባልሁት ሰው ናቸው።

ለጋሼ አለኸኝ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ኔጋቲቩን ሁለት ጊዜ አገላበጡት።

«የታዘዝሽውን ሥሪ» አሉ።

«ጋሼ፣ አባትየው እኮ…»

«ይህን ያህል ዓመት አብረውት የኖሩትን አባት ልትቀሚያቸው ነው? ደግሞስ በሰፈሩ ምን ልባል?»

ታዘዝሁ። በሩን በደንብ ሞላሁት፤ የዶቭ በር ምን እንደሚመስል አሁን አውቅ ነበር። እትዬ ይመኙሻል ሥራውን ሲያዩ እልል አሉ። «ወይ አንቺ ልጅ! ያ ሰውዬ ነበረም አይባል።» እጄን ሳሙኝ። አንገቴን ደፋሁ፤ ትሕትና መሰላቸው።

ቡድኑ በዚያው ሰሞን የወሩ ጠያቂ ብሎ መረጠኝ።

በሦስተኛው ወር እትዬ ይመኙሻል ስልክ ደውለው ለልጆቻቸው ስድስት ቅጂ አዘዙ። አምስቱን አተምሁ። ስድስተኛውን አልቻልሁም። ከኔጋቲቩ ትክክለኛውን አትሜ፣ ለጋሼ አለኸኝ ሳልነግር፣ በእንጅባራ በኩል በሚኒባስ አዘና ሄድሁ።

የባዕዱ ሰው ፎቶ በመስታወት ተደርጎ ግድግዳው መሐል ተሰቅሏል። ቆሜ እየተንተባተብሁ ነገርኋቸው። አዲሱን ፎቶ ተቀብለው በበሩ አጠገብ የቆመውን ሰው ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይኼን ሰውዬ አላውቀውም» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው «ካወቅሽው ስንት ጊዜሽ ነው?» አሉ።

«ሦስት ወር።»

«ያን ዕለት ብትነግሪኝ ኖሮ ሁለቱንም አንድ ላይ ይዤ እቀመጥ ነበር። አሁን አንዱን አባት ወሰድሽብኝ፤ ሌላውን አልሰጠሽኝም። አጥፊልኝ ያልሁሽም በገዛ አፌ ነው።»

ፎቶውን መልሰው እጄ ላይ አኖሩት። ለልጃቸው በአዊኛ የሆነ ነገር ተናገሩ። እኔ አዊኛ አልሰማም። ልጁ ተነሥቶ በሩን ከፈተልኝ። ግድግዳው ላይ ያለውን አላወረዱትም፤ ዓይናቸውን ግን ወደዚያ አላነሡም።

«ነግሬሽ አልነበር?» አሉኝ ጋሼ አለኸኝ በማግሥቱ የሆነውን ስነግራቸው። ስለ ራሳቸው ስሕተት እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተናገሩም። አምስቱን ቅጂ ሊወስድ የመጣ የለም። ስድስተኛው ከመሳቢያዬ ውስጥ ነው።

አሁን ሰው አጥፊ ስባል መጀመሪያ ኔጋቲቩ እንዳለ እጠይቃለሁ፤ ካለም ሁለቱንም ገጽ አያለሁ። ስሕተት ካገኘሁ ፎቶው ሳይታተም፣ በዚያው ዕለት ለደንበኛው እናገራለሁ። ድምፄ አሁንም ይንቀጠቀጣል።